የአጎቷን ድምፅ የቆጠረች ልጅ

ዝናብም ጭጋግም ያልሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚንሳፈፍ ነገር ከተማችንን ከያዛት ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እንዲህ ባለው ወቅት ከመነጽር ቤቴ ተቀምጬ የመነጽር መስተዋት ስሞርድ፣ ነቅቼ ይሁን አንቀላፍቼ ራሴም የማልለይበት ሰዓት ይመጣል። መሞረጃው ይሽከረከራል፣ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፣ መንገደኛው በመስኮቱ ላይ ጥላ ሆኖ ይመጣና ጥላ ሆኖ ያልፋል። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሆነው ነገር አሁንም ድረስ እንደ ሕልም ይታየኛል። ነገር ግን ሕልም አልነበረምና፣ ልጅ ለሚያሳድግም ልጅ ለሚያስተምርም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ከመነሻው ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የመጡት ጋሽ ሜትር ናቸው። የእናት አባት ስማቸውን የሚያስታውስ ካለ ባለቤታቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልብስ መለኪያውን ሜትር ከአንገታቸው ሳያወርዱ የኖሩ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሲተኙም አያወልቁትም እየተባለ ይቀለዳል። አንዲት ወጣት ክንዳቸውን ይዛ እስከ ደጃፌ አደረሰቻቸው። ደፉን ሲረግጡ ግን ክንዳቸውን ከእጇ መነጨቁና ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «እዚያው ቁሚ» አሏት። እሷም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመች።

«ልጅቷ ትግባ እንጂ ጋሽ ሜትር፤ ትበሰብሳለች» አልኳቸው።

«ጨው አይደለችም፣ አትሟሟም!» አሉና ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። መነጽራቸው ነው፤ አፍንጫው ላይ ለሁለት ተሰብሯል። «ተቀመጥኩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምቀመጥበትም የምቆምበትም አልታወቅ ብሎኛል።»

«ያ ቀን» ያሉት የትኛው ቀን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደጅ የቆመችው ልጅ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። በአራት ዓመቷ ወስደው፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ፣ እንደውም ልብሷን ከልጆቻቸው ልብስ አስቀድመው እየሰፉ ያሳደጓት ናት። አሁን ፖስታ ቤት ደብዳቤ የምትለይ የመንግሥት ሠራተኛ ሆናለች። ከሰፈሩ ምክር ቤት ምርጫ ቀን ጀምሮ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ቃል አይለዋወጡም ነበር። እሳቸው ያለ መነጽር መንገድ ስለማይታያቸው እየመራች አመጣቻቸው እንጂ፣ ዓይናቸው ቢያይላቸው ኖሮ ከሷ ጋር አንድ እርምጃም ባልሄዱ።

አፍንጫውን ለመበየድ ሰዓት ይፈጃል ብዬ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሥራውን ገና ስጀምር በሩ ተከፈተና ረጅም ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ገቡ። ትከሻቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ፤ ብብታቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ቦርሳ ይዘዋል። በመስኮቱ እንዳየሁት ደጅ የቆመችው ልጅ ዝቅ ብላ እጅ ነስታቸዋለች። እሳቸውም ማን እንደሆነች ሳይለዩ ወደ ሰላምታዋ አቅጣጫ ባርኔጣቸውን አንስተዋል። የእኚህ ሰው ዓይን ከጋሽ ሜትር ዓይን የባሰ ነበር።

«ተራ አለ፤ እስቲ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው። ከጋሽ ሜትር አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱም አይተያዩም፤ አንዱ ለሌላው ጭጋግ ነው።

«ይሄ ሰማይ መቼም ጉድ አደረገን» አሉ ባለጠመኔው ሽማግሌ።

«ሰማዩስ ይሁን። የምድሩ ባሰ እንጂ!»

«እውነትዎን ነው። ሰው ሰውን መስማት ትቷል።»

«እንዲያው ከአፌ ላይ ነጠቁኝ! አስተምረው ያሳደጉት ልጅ ሲከዳዎትማ…»

«ያስተማሩት ሲረሳስ? እሱንስ ምን ይሉታል?»

እንዲህ እየተባባሉ እንደ ጥንት ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጉ። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁና ከንፈሬን ነክሼ ብየዳዬን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ጋሽ ሜትር «ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አስተማሪ ነኝ። ከገበያው በላይ ባለው ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል። ሠላሳ አራት ዓመቴ።»

ጋሽ ሜትር እስከ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ፈቀቅ አሉ። «ያ የውይይት ክፍለ ጊዜ የሚባለውን የጀመሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ሲያገናኝ እንዲህ ነው! እኔ እኮ እርስዎን ፍለጋ ዓርብ ልመጣ ነበር። አርባ አንድ ወላጅ አስፈርሜያለሁ። ይሄ ክፍለ ጊዜ ይቅርና በምትኩ ልጆቹ ለፈተና ይዘጋጁ የሚል ነው። የወላጅ ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል። ፊት ለፊት ስላገኘሁዎት ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርዎት።»

«ይንገሩኝ፤ እሰማለሁ» አሉ መምህሩ በተለሳለሰ ድምፅ።

ጋሽ ሜትር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለሦስት ሳምንት ያዘጋጁት ክስ እንደሆነ ያስታውቃል። «ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከው ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስላት ሊማር ነው። ትልቅ ሰው ማክበር ሊማር ነው። እናንተ ግን ምን አስተማራችሁ? ትንሿ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፤ የእርስዎ ክፍለ ጊዜ እዚያም ገብቷል። ባለፈው ምሳ ላይ ተቀምጠን ቤቱን ምን ቀለም እንደምናስቀባው ስናገር እጇን አወጣች! በገዛ ማዕዴ ላይ! ምን ልትይ ነው ብላት፣ ‹አባባ፣ የእማማን ሐሳብ ሳይሰሙ እኮ ወሰኑ› አለችኝ። እናቷ ሳቋን ልትደብቅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ወደው አይደለም። ዲሞክራሲ ለትልቅ ሰው ነው፤ እሱም ከተስማማው። ልጅን ግን ዝም ብሎ መስማት ያስተምሩት።»

መምህሩ በዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ትልልቅ ፊደላት ሊያነቡ የሚሞክሩ ይመስል ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ነበር። ከዚያ የቦርሳቸውን ላስቲክ ፈትተው አንድ ወረቀት አወጡ።

«አይድከሙ ወንድሜ» አሉ። «ርዕሰ መምህራችን ይህን ሰጥተውኛል። ክፍለ ጊዜው ቢቀር ተቃውሞ የለኝም ብዬ እንድፈርም ነው። ዛሬ የመጣሁትም ፊርማዬን የት እንደማኖር የሚያሳይ መነጽር ልገዛ ነው። እፈርምልዎታለሁ።»

ትግል ሊገጥም ክንዱን ሰብስቦ መጥቶ ተጋጣሚው ራሱ ሄዶ የተኛበት ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጋሽ ሜትር እንደዚያ ሆኑ። «እንዴ! እንዲህ በዋዛ?»

«ደከመኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተራ ጠብቃችሁ ተናገሩ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ስትሸነፉ አትኩረፉ፣ ስታሸንፉ አትታበዩ እያልኩ ደሰኮርኩ። በየምርጫው ግን በድምፅ ማጉያ የሚሳደበውን ሰው ድምፁን ስሰማ አውቀዋለሁ፤ ተማሪዬ ነው። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› እያለ የሚስቀውም ተማሪዬ ነው። ከዘራሁት የበቀለ አንድ እንኳ አላየሁም። እንግዲያው ልጆቹ ፈተናቸውን ይለፉ፤ ያ እንኳ ይጠቅማቸዋል።»

ያቺ ሰዓት እንዴት እንደነበረች ለመናገር ይቸግረኛል። ብርሃኑ ወተት መስሎ በመስኮቱ ይገባል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየጫፋቸው ተቀምጠዋል፣ ከመስተዋቱ ባሻገር ደግሞ ልጅቷ ትታየኛለች። እሷም ከንቱ ቀረ የተባለው የዚያ ትምህርት ተማሪ ነበረች። እኔ ነገር አቀጣጣይ አይደለሁም፤ ግን ዝም ማለትም አንዳንዴ ከመዋሸት እንደማይሻል አውቃለሁ። ስለዚህ መበየጃዬን አጥፍቼ «ጋሽ ሜትር፣ መምህር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የሚኖሩት፤ የቆጠራውን ነገር አልሰሙም። እስቲ ይንገሯቸው» አልኩ።

«ምኑን ልናገረው!» አሉ። ዳሩ ግን ሆዳቸው ሞልቶ ነበርና ቀጠሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለሰፈሩ ምክር ቤት ተወዳደርኩ። ከኔ ጋር የተወዳደረችው ባለዳቦዋ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማዕዘኑ ላይ ዳቦ የምትሸጠዋ። ቆጣሪዎቹ ከመንግሥት ሠራተኛ በዕጣ ሲወጡ ሃያ ዓመት ያሳደግኳት የወንድሜ ልጅ ዕጣ ደረሳት። ማንም አልተቃወመም። ቆጠራው እዚያው እናንተ ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔ ደጅ መስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማለሁ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ወረቀቱ ሳይርስ እንጨርስ እያለ ይቸኩላል። በመጨረሻ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ለኔ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ለሷ ሁለት መቶ ስድስት! ጎረቤቶቼ አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። በዕድሜዬ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።»

«ከዚያስ?» አሉ መምህሩ።

«ከዚያማ ያቺ ልጅ ‹ይቅርታ፣ እንደገና ይቆጠር› አለች። ኃላፊው ያልሰማች መስሎት ‹አንቺ ልጅ፣ ያሸነፈው እኮ አጎትሽ ነው!› አላት። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን ‹የእሳቸውን ወረቀት አሥር አሥሩን እየለየሁ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያሰርኩት ሃያ ነው፤ እዚህ ያለው ሃያ አንድ ነው› አለች። ተፈታ፣ ተቆጠረ። አንዱ እስር የባለዳቦዋ ነበር፤ በጥድፊያው ወደኔ ክምር ገብቷል። እኔ ሁለት መቶ ሁለት፣ እሷ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት! ከትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወረድ ያውቃሉ መምህር? አወጣጡን ሁሉ ሰው ያግዛል፤ አወራረዱን ግን ብቻዎን ነዎት።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ባለዳቦዋስ?» ብለው ጠየቁ መምህሩ። «እሷስ የት ነበረች?»

ጋሽ ሜትር ይህን ጥያቄ የጠበቁ አይመስለኝም። አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር በጣታቸው ይጠቀልሉ ጀመር። «ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። የኔ ስም ሲጠራ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ልትሄድ። አልጮኸችም፤ አላጉረመረመችም። ቆጣሪዋ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ምን ትጠብቅ? ‹ድሮስ!› ያለች ነው የመሰለኝ። እንደገና ይቆጠር ሲባል ግን ዞር አለች…» አቋረጡ። «ፊቷን አየሁት። ያን ጊዜ መነጽሬ ገና አልተሰበረም።»

መምህሩ ቀስ ብለው ተነሡ። «ይህቺ ልጅ የት ናት?»

«ደጅ ናት» አልኩ እኔ።

በሩን በዳበሳ አገኙትና ከፈቱት። «ልጄ፣ ነይ ግቢ። ቅድም እጅ ስትነሺኝ ማን እንደሆንሽ ሳላውቅ አለፍኩሽ፤ ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ ወደ አጎቷ ተመለከተች። ጋሽ ሜትር አልከለከሉም፤ አልፈቀዱምም። ገባችና ከበሩ ሥር ቆመች፤ ከቀሚሷ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

«መምህር፣ እኔን ረስተውኛል» አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ግን እርስዎን አልረሳሁም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን የክፍል አለቃ ስንመርጥ እጅ የቆጠሩት እርስዎ ነበሩ። ያሸነፈውን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እኔ የምቀመጠው ከምሰሶው ጀርባ ነው፤ እዚያ አራት ልጆች ነበርን፤ የኛን እጅ አላዩትም። እኔ ያን ጊዜ በክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ አላውቅም። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ብቻ ተነሥቼ ‹ከምሰሶው ጀርባ ያለነው አልተቆጠርንም› አልኩ።»

«ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላሉኝም። መጥተው ከኛ መሐል ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው ሰሌዳውን አዩና ‹እውነት ነው፣ ከዚህ ወዲያ አይታይም› አሉ። ተመልሰው የጻፉትን ስም አጠፉት። ልጁ አለቀሰ። እርስዎም ‹የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የተጎዳኸው ግን አንተ ነህ፤ ይቅርታ› አሉት። ትልቅ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሃያ አንደኛውን እስር ሳይ የታየኝ ያ ምሰሶ ነው። ባልናገር ኖሮ እሷ ከጀርባው ትቀር ነበር።»

መምህሩ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ምሰሶውን አስታውሰዋል፤ ቀኑን ግን አላስታወሱትም። ወንድሞቼ፣ የመምህርነት ሥራ እንዲህ ነው። ሰፊ የሰፋውን ልብስ መንገድ ላይ ያየዋል፤ እኔም የሠራሁት መነጽር በሰው ፊት ላይ ሲያልፍ አውቀዋለሁ። መምህር ግን የሠራውን ሳያይ ያረጃል። ስለማያየውም ያልሠራ ይመስለዋል።

ጋሽ ሜትር ግን አልተሸነፉም። «አላልኩም! ይኸው ራሷ መሰከረች። ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ዘመዷን አስከዷት!»

የመምህሩ ድምፅ ተለወጠ። ያ የደከመው ሰው ሄዶ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሠላሳ ዓመት ሥራዎ ሜትር አሳጥረው ለክተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ብለው ጋሽ ሜትር ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔን? ጠላቴን ይጠይቁ!»

«ለዘመድዎስ አስረዝመው?»

«ለማንም! ሜትር ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ለዘመድ ብዬ ካጠፍኩት በማግስቱ ማን ያምነኛል? ዘመዴስ ራሱ ያምነኛል?»

«እንግዲያው ልጅቷ ይህን የተማረችው ከኔ ብቻ አይደለም» አሉ መምህሩ። «እኔ ዓመት አስተማርኳት፤ እርስዎ ሃያ ዓመት ሲለኩ አይታለች። እኔ በክፍል የነገርኳት ነገር በቤቷ ሲፈርስ አይታ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አፏን ባልከፈተች።»

ጋሽ ሜትር ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ለምን ለብቻዬ ጠርተሽ አልነገርሽኝም? በሰው ፊት ከምታዋርጂኝ!»

«ብጠራዎት ምን ይሉኝ ነበር ጋሼ?»

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚያምር መልስ ይፈልግ ነበር። ጋሽ ሜትር ግን እውነተኛ ሰው ናቸው።

«ዝም በይ እልሽ ነበር» አሉ። «ዝም በይ፣ አሥር ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እኔ ከሷ የተሻለ እሠራለሁ እልሽ ነበር። አንቺም እሺ ትይኝ ነበር።» ቆዩና ጨመሩ፤ «ከዚያም አምስት ዓመት ሙሉ ምክር ቤት እየተቀመጥኩ፣ ቤቴ ስገባ ዓይንሽን ሳላይ እኖር ነበር። እንደ ዛሬው ኩርፊያ አይደለም። ፈርቼሽ።»

ልጅቷ አለቀሰች። እሳቸው ግን ነገሩን እዚያ ላይ ሊተዉት የሚችሉ ሰው አይደሉም፤ ክርክር ከጀመሩ እስከ ጫፉ ነው። እንባዋን እስክትጠርግ ጠብቀው ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ይሁን፤ ይህስ ገባኝ። ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። ዛሬ እርስዎ አሉ። ነገ ሌላ መምህር መጥቶ በዚያ በውይይት ሰዓት የሚወደውን ፓርቲ ቢሰብክላቸውስ? ልጅ መምህሩ ያለውን ሁሉ ያምናል።»

«ፍርሃትዎ ልክ ነው፤ እኔም እፈራዋለሁ» አሉ መምህሩ። «ማንን እንደሚመርጡ ለልጆች የሚነግር መምህር፣ ሣጥኑ ሳይመጣ ድምፅ የሚሰርቅ ሌባ ነው። የኔ ድርሻ ማንን ምረጡ ማለት አይደለም፤ እንዴት እንደሚመረመር ማሳየት ነው። ማን አለ? በምን አወቀ? ሌላኛው ወገንስ ምን ይላል? ይህን የለመደ ልጅ እኔንም ቢሆን ዝም ብሎ አያምነኝም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ማንን እንደምመርጥ ያወቀ አንድ ተማሪ የለም። እንኳን ተማሪ ሚስቴም አታውቅ፤ በየምርጫው ትገምታለች፣ በየምርጫው ትሳሳታለች።»

ጋሽ ሜትር ሳያስቡት ሳቁ። መምህሩም ፈገግ ብለው ቀጠሉ። «ልጆቹ ገና ናቸው ብለውኛል። ምርጫ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ነው፤ ክፍል ግን በየቀኑ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ የድምፁን ወረቀት በዝናብ መሐል ተቀምጣ የምታስረው እጅ ግን በአንድ ቀን አትሠራም። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በድንገት ሽንፈትን ተቀበል፣ ባላጋራህን ስማ፣ ለዘመድህ አታድላ ብንለው ከየት ያመጣዋል? መሸነፍ ሳያውቅ የተሸነፈ ሰው ወንበር ይሰብራል። ማሸነፍ ሳያውቅ ያሸነፈ ደግሞ የሌላውን ወንበር ይወስዳል።»

ይህን ተናግረው ያወጡትን ወረቀት ወደ ቦርሳቸው መለሱት። «እኔ ደግሞ ከዘራሁት የበቀለ የለም እያልኩ ልፈርም ነበር» አሉ ለራሳቸው።

የጋሽ ሜትርን መነጽር በየጄ ጨርሼ ሰጠኋቸው። አድርገውት በመጀመሪያ ያዩት የልጅቷን እርጥብ ጫማ ነው። «ምን ዓይነት ጅል ነሽ፣ በዚህ ጫማ ትቆሚያለሽ?» አሏት። ከሦስት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ ከዚህ የተሻለ እርቅ የለም።

ዓርብ የወላጅ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔም ሄድኩ፤ ልጅ ባይኖረኝም ለማየት ቸኩዬ ነበር። ወላጆቹ በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሜትር አርባ አንዱን ፊርማ ይዘው ተነሡ። «ይህን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። ያስፈረምኳችሁ ተናድጄ ነው። የተናደድኩበትን ነገር መርምሬ ሳየው ግን ልኮራበት የሚገባ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ፊርማዬን አነሣለሁ፤ የእናንተን ማንሣት ግን የእናንተ ፋንታ ነው» አሉና የሆነውን ሁሉ፣ ዝም በይ እልሽ ነበር ያሉትን ጭምር፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ሁሉም ወዲያው እሺ አላለም። አንድ መካኒክ ተነሥቶ «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ የልጄ የሒሳብ ውጤት ግን መጥፎ ነው» አለ፤ ትክክልም ነበር። ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ የውይይቱ ክፍለ ጊዜ እንዲቀጥል፣ ለፈተናው ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሁለት ቀን እንዲጨመር፣ የፈለገ ወላጅም መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩ ምን እንደሚያስተምር እንዲያይ ተስማሙ። እጅ ሲወጣ ሃምሳ ስምንቱ ደገፉ፣ ሃያ ሦስቱ ተቃወሙ። መካኒኩ ከተቃወሙት አንዱ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳመጠ የመጀመሪያው ወላጅ እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የታየውን ለውጥ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም። ባለዳቦዋ የምክር ቤቱን ውሳኔ በየወሩ ጽፋ ሱቋ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ጋሽ ሜትር በየስብሰባው ይሄዱና የውኃ መውረጃ ቦዩ ከምን ደረሰ እያሉ ያፋጥጧታል። ቦዩም ተቆፈረ። ከእንግዲህ ዘመድ የዘመዱን ድምፅ አይቁጠር የሚለውን ደንብ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው፤ ደግፋ ያሳለፈችውም ባለዳቦዋ ናት። ሰው ቢሸነፍም ነገ ሰሚ እንደሚያገኝ ካወቀ አይሸፍትም፤ ያሸነፈውም እንደሚጠየቅ ካወቀ አይባልግም። ይህ ሁሉ ከላይ በአዋጅ አልወረደልንም። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ተሳሳትኩ ስላለ የመጣ ነው። እንግዲህ መምህሮቻችንን ስንንቅ ምን እንደምንንቅ እንወቅ፤ ስናከብርም የምናከብረው የገዛ ነጋችንን ነው።

ዝናቡ ባበቃ ጊዜ መምህሩ ጋሽ ሜትርን ወደ ክፍላቸው ጋበዟቸው። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ጭጋጉ ተነሥቶ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የጠመኔው ብናኝ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ የልጆቹም ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ጋሽ ሜትር አዲስ ኮት ለብሰው ሰሌዳው ፊት ቆሙ።

አንዲት ልጅ ተነሣች። «ሲሸነፉ ምን ተሰማዎት?»

«አመመኝ» አሉ። «ሦስት ሳምንት አመመኝ። በተሸነፍኩ በማግስቱ ግን ሱቄን ከፈትኩ።»

«ደግመው ይወዳደራሉ?» አለ ሌላው።

«እወዳደራለሁ።»

«ድምፅዎን ማን እንዲቆጥርልዎት ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ሜትር መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ደንቡ ዘመድ አይቁጠር ይላል። መልካም ደንብ ነው፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ለኔ ቢተው ግን» አሉ፣ «ያችኑ ልጅ አስቆጥራት ነበር።»